የአሱንታ ጠፈጠፍ

አሱንታ ጓሳውን በድንጋይ ቀጥቅጣ፣ ውሃ አርከፍክፋ፣ በሁለት መዳፎቿ መካከል ታሽከረክረዋለች። ቀኝ እጇ ወደ ፊት ይገፋል፣ ግራዋ ወደ ኋላ ይስባል። ሳሩ መጀመሪያ እንደ ግትር ልጅ ያንገራግራል፤ የመዳፏ ሙቀት ሲገባው ይለዝብና እሺ ይላል። ሊያልቅ ሲል ከጎኗ ካለው ነዶ ጥቂት ዘለላ መዝዛ ትቀጥልበታለች። የት ላይ እንደቀጠለችው ከእሷ በቀር የሚያገኘው የለም። የተገመደው ቀጭን ገመድ በእግሯ አውራ ጣት ተይዞ፣ በቀሚሷ ላይ አልፎ፣ ከኋላዋ ይጠቀለላል።

ከጎኗ አበልጇ ባሲሊያ ተቀምጣለች። እሷም ትገምዳለች፤ አፏ ግን ከእጇ ይፈጥናል።

«አበልጄ፣ ቀስ በይ እንጂ! ሁላችንንም አሳጣሽን እኮ። ቅዱስ ሳንቲያጎ ራሱ ከፈረሱ ወርዶ፣ ይህቺን ሴትዮ አስቁሙልኝ ሊል ነው።»

«አንቺ ደግሞ ምላስሽን ብትገምጂው ኖሮ እስከ ኩስኮ የሚደርስ ገመድ ይወጣሽ ነበር።»

ሴቶቹ ሳቁ። ጀርባቸውን ፀሐይ ላሞቀው የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሰጥተው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ጉንጫቸው ውስጥ የኮካ ቅጠል ወትፈው ተደርድረዋል። በዋይላፓምፓ መንደር ቀጭኑን ገመድ የሚገምዱት ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ እሱን ሦስት ሦስት እያጣመሩ ወፍራሙን ያወጣሉ፤ ከዚያ ይዘውት ጣሪያው ላይ ይወጣሉ። በዚያ ጣሪያ ላይ አንድም ምስማር የለም። ወራጁን ከማገሩ፣ ማገሩን ከክዳኑ የያዘው የሴት መዳፍ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት የስፔን ሰዎች ነበሩ፤ የሠሩት ግን የዋይላፓምፓ አያቶች ናቸው። ሰው ተጋድሞ የማይሞላው ወፍራም የጭቃ ጡብ ግድግዳ፣ እንደ ጎተራ ረጅምና ጨለም ያለ ውስጥ፣ ከላይ እንደ ተራራ የሾለ የሳር ክዳን። እያንዳንዱ ቤት፣ ከዚህ እስከዚህ ያንተ ነው፣ ትከድናለህ ተብሎ በጅራፍ ታዘዘ። ጅራፍ ያዦቹ ሄዱ፤ ትእዛዙ ግን አብሯቸው አልሄደም። ልጅ ከአባቱ፣ ምራት ከአማቷ እየተቀበለች ግዴታ የነበረው ቀስ እያለ ርስት ሆነ። ዛሬ አንዱን የዋይላፓምፓ ሰው «ድርሻህን እኔ ልክደንልህ» ብትሉት መሬቴን ልትነጥቁኝ ነው ብሎ ድንጋይ ያነሳል።

ድርሻ ያለው ቤት ጠፈጠፍም አለው። ከክዳኑ ጫፍ ዝናቡ የሚንጠባጠብበት ያ ጠባብ መሬት የዚያው ቤት ነው። ጥርስ ሳያበቅል የሞተ ሕፃን የሚቀበረው እዚያ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የወረደ ውሃ በየክረምቱ መልሶ መላልሶ ያጠምቀዋል ይላሉ። ዝናቡ ሲያባራ ባለ ድርሻው አፈር ተሸክሞ ይመጣና ጠፈጠፉ የቆፈረውን ይደለድላል። ሌላ የአገሩ ሰው እጁን አያስገባም። እናትየዋም ቀኗ ሲደርስ እዚያው ከልጇ ጎን ትጋደማለች።

የአሱንታ ድርሻ በምዕራብ በኩል ጥጉ ላይ ነበር። ከሥሩ ናቲቪዳድ አለች። ናቲቪዳድ መሳቅ ጀምራ ነበር፤ ከዚያ በላይ አልቆየችም። ሌላ ልጅ አልመጣም። ባሏም ወርቅ ፍለጋ ወደ ቆላው ወርዶ በዚያው ቀረ። አሱንታ በየዓመቱ ከድንች ማሳዋ ለስላሳውን አፈር መርጣ፣ በነጠላዋ ቋጥራ በጀርባዋ ተሸክማ ታመጣና፣ ጓሉን በጣቶቿ እየፈረፈረች ትደለድለዋለች። ለአንዲት ክንድ የማትሞላ መሬት ግማሽ ቀን ይፈጅባታል። ለምን ይህን ያህል ትቆያለሽ ብሎ የሚጠይቃት የለም።

አሱንታ ግራኝ ናት። ማንኪያ በግራዋ ትይዛለች፣ ድንች በግራዋ ትቆፍራለች፣ በግ የምትሸልተው በግራዋ ነው። ሳር ላይ ግን እናቷ ከሕፃንነቷ ጀምራ በልምጭ እየነካካች አስተካክላታለች። ግራ እጅ ወደ ፊት ከገፋ ገመዱ ወደ ግራ ይዞራልና፣ ወደ ግራ የዞረ ደግሞ ለሙት ነው። ሬሳ ወገቡን የሚታሰርበት፣ የሟች ልብስ ወንዝ ወርዶ ከታጠበ በኋላ የሚጠፈርበት፣ ነፍሲቱ መንገድ ስታ ወደ ቤት እንዳትመለስ የሚዘረጋ ነው። ሕያዋን የሚጸልዩበት ጣሪያ ላይ አይወጣም። ስለዚህ አሱንታ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ተጠንቅቃ፣ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ አጥብቃ ነበር ወደ ቀኝ የምትገምደው።

ያን በጋ ሁሉም ደስ ብሎት ነበር። ግድግዳው ተሰንጥቆ፣ የውስጡ ሥዕል እያበጠ መውደቅ ጀምሮ ስለነበር፣ የምታድሰው ሴት ከኩስኮ ከተማ መጣች። ሚራንዳ ትባላለች፤ አርክቴክት ናት። ሰው በመጀመሪያ ፈርቷት ነበር፤ ቆርቆሮ ይዛ የመጣች መስሎት። እሷ ግን ጣሪያውን ለረጅም ጊዜ ቀና ብላ አየችና፣ «ሳሩ ይቆያል፣ የምትከድኑትም እናንተው ናችሁ» አለች። በዚያ ቃል ብቻ የመንደሩን ቺቻ፣ የበቆሎ ጠላውን ሁሉ፣ እንድትጠጣ ተፈረደባት። ስንጥቁን በሸምበቆና በጭቃ አስደፈነችው፤ ጭቃውን በቁልቋል ውሃ አስቦካች፤ አያቶቻቸውም እንደዚያ ያደርጉ እንደነበር ሽማግሌዎቹ ያውቁ ነበርና ተስማሙ። ከዚያ አሮጌው ክዳን ከየድርሻው እየተነሳ ይወርድ ጀመር።

ጣሪያው ላይ ከወጡት አንዱ ኤርሞ ነው፤ የባሲሊያ ልጅ። ክርስትና ያነሳችውም፣ የመጀመሪያ ጸጉሩን በመቀስ የቆረጠችለትም አሱንታ ናት።

«እይው ልጅሽን፣» አለች ባሲሊያ አንጋጣ። «ጸጉሩ እስከ ዛሬ ወደ ግራ ነው የሚተኛው። በየትኛው እጅሽ እንደቆረጥሽው ለማንም አይደበቅም።»

«ጸጉሩ ወደ ግራ ይተኛ እንጂ ጭንቅላቱ ቀጥ ያለ ነው። ያ ካንቺ አልመጣ!»

ሳቁ ሳያልቅ ኤርሞ ከላይ ተጣራ። ከምዕራብ ጥግ፣ ከአሱንታ ድርሻ ላይ ነበር።

«ታይታ! ይሄ ገመድ ላልቷል። ሳሩ ሁሉ ተንሸራትቷል።»

ታይታ የሚሉት ካሲሚሮን ነው፤ የጣሪያው አለቃ፣ ስለ ክዳን ቃሉ የመጨረሻ የሆነ ሽማግሌ። ኤርሞ ገመዱን ወረወረለት። ሚራንዳም ከውስጥ ወጣች። ከዚያ ጥግ ሥር ግድግዳው ላይ የተሣለ ጠመንጃ የታቀፈ መልአክ አለ፤ ውሃ ወርዶበት ፊቱ ታጥቦ ሄዷል፣ ባርኔጣውና ጠመንጃው ብቻ ቀርተዋል። ውሃው ከየት እንደገባ ስትፈልግ ነው የሰነበተችው።

«ለምን ይሆን እዚህ ላይ ብቻ የላላው?» አለች፣ ለማወቅ ያህል።

ካሲሚሮ ወፍራሙን ገመድ በጣቶቹ ፈታው። ሦስቱን ቀጭኖች ለያያቸው። አንዱን አሸት አደረገ፣ ሁለተኛውን አሸት አደረገ፤ ሦስተኛው ላይ እጁ ቆመ።

«እነዚህ ቀኝ ናቸው፤» አለ። «ይሄ ግራ ነው።»

አንዲት ሴት አማተበች። በሁለት ቀኞች መካከል የገባ ግራ አብሯቸው አይጠብቅም፤ እነሱ በጠበቁ ቁጥር እሱ ይፈታል። ይህን በዚያ አጥር ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

ዓይኖች ሁሉ ወደ አሱንታ ዞሩ፤ ወደ ፊቷ ሳይሆን ወደ እጇ። ግራ እጇ የውሃ ጣሳ ይዞ ነበር። ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

ያ ክዳን የተከደነው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ያን ጊዜ የባሲሊያ ባል ገና መቀበሩ ነበር። ከቤቱ ሰው የቀበረ ዓመት እስኪዞር የቤተ ክርስቲያን ሳር አይነካም፤ ገመድ ሳያስገባ የቀረ ቤት ደግሞ ድርሻውን ያጣል። ሐዘንተኛን የሚያድነው ሌላ ሰው ቢገምድለት ብቻ ነው። አሱንታ ባሲሊያ ቤት ሄዳ፣ «የኔንም ያንቺንም እኔ እገምደዋለሁ። አንቺ እኔ ቤት መጥተሽ አጠገቤ ቁጭ በይ፣ ብቻሽን አትሁኚ» አለቻት።

ባሲሊያ መጥታ ተቀመጠች።

«አልቻልኩም አበልጄ፤» አለች። «እጄ ባዶ ሲሆን እሱ ይመጣብኛል። ሲያቃስት ይሰማኛል።»

አሱንታ አየቻት። ቆይታ ተነስታ በሩን ገርበብ አደረገችና እፍኝ ሳር በእጇ አስያዘቻት። «በይ ገምጂ። ማንም አያይም። ወደ ቀኝ ብቻ!»

«ሕፃን ነኝ እንዴ?»

የዚያን ቀን ሁለቱ አብረው ገመዱ። አሱንታ ከራሷ እጅ ይልቅ የባሲሊያን እጅ ነበር የምትጠብቀው፤ ወደ ቀኝ ነበር የሚዞረው። በመካከል በጎቹ ድንች ማሳው ውስጥ ገቡና ልታባርር ወጣች። ስትመለስ ባሲሊያ ፊቷን በባርኔጣዋ ሸፍና ታለቅሳለች፤ ጭኗ ላይ አዲስ የተገመደ ጥቅል አለ። አሱንታ እንባዋን እንጂ ጥቅሉን አላየችም። ለባሏ ሬሳ ወደ ግራ ስትገምድ የሰነበተች እጅ ጠባቂ ሲያጣ ወደ ለመደው እንደሚሄድ አልታሰባትም። ጥቅሉን ከሌላው ጋር ቀላቀለችና ለራሷና ለባሲሊያ ድርሻ ብላ ለሁለት ከፈለችው። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ደርሳም የጠየቃትን ሁሉ፣ «የሁለታችንንም የገመድኩት እኔ ነኝ። ባሲሊያ ሳር አልነካችም» አለች።

አሁን ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣላት። ወደ ባሲሊያ ዞረች። ባሲሊያ ቀሚሷ ላይ የወደቀ ሳር እየለቀመች ነበር።

እሑድ ዕለት መንደሩ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተሰበሰበ። ሚራንዳም ነበረች፤ «ለኔ ጥፋተኛ አያስፈልገኝም፣ ገመዱ ለምን እንደላላ ብቻ ነበር ማወቅ የፈለግኩት» ብላ ለማብረድ ሞከረች። ካሲሚሮ በአክብሮት ሰማትና፣ «የግድግዳው ነገር ያንቺ ነው ልጄ፣ የጣሪያው የኛ ነው» አላት። ከዚያ ወደ አሱንታ ዞረ። ድምፁ ክፉ አልነበረም።

«አሱንታ፣ ያን ጊዜ የገመድሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ ታይታ፤ ግን…»

«የባሲሊያንም?»

አሱንታ ወደ ጓደኛዋ ተመለከተች። «አበልጄ፣ አንቺው ንገሪያቸው» አለች። ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም። ውሃ አቀብዪኝ እንደማለት ነበር።

ባሲሊያ ቀና አለች።

«ምን ልንገራቸው? እኔ ሐዘን ላይ ነበርኩ። ሳር አልነካሁም። አንቺው አይደለሽ እንዴ ለሰው ሁሉ የተናገርሽው?»

ቃሉ የአሱንታ ነበር። ጓደኛዋን ልትሸፍንበት ያወጣችው ቃል፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ፣ ተመልሶ መጣባት። ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሁሉም ያንኑ ከአፏ ሰምቶት ነበር።

«ነክታለች፤» አለች አሱንታ። «እጇ ባዶ ሲሆን አልሆንላት ብሎ ነው። ሳሩን የሰጠኋት እኔ ነኝ። አብረን ነው የገመድነው።»

ጉምጉምታ ተነሳ። ከኋላ አንድ ሰው፣ «ታዲያ የዋሸሽው ያኔ ነው ወይስ አሁን?» አለ። ሌላዋ ደግሞ፣ «ግራኝ እሷ፣ ጥፋተኛ ሌላ ሰው! ደግሞ በመበለት!» አለች። ከጥቂት ቀን በፊት አብራት ስትስቅ የነበረች ሴት ናት።

ካሲሚሮ እጁን አንስቶ ዝም አሰኛቸው። «እንግዲህ በሩ ይለያቸዋል» አለ።

በዋይላፓምፓ የሚምል ሰው የቤተ ክርስቲያኑን በር ብረት ይይዛል። በሐሰት የያዘው እሱ ምንም አይሆንም፤ ዕዳው የልጅ ልጆቹ ላይ ነው የሚወርደው። ባሲሊያ ተነሳች። አሱንታ እርምጃዋን ሁሉ በዓይኗ ተከተለች፤ አሁን ትቆማለች፣ አሁን ትዞራለች እያለች። ባሲሊያ እጇን ወደ ብረቱ ዘረጋች። ከሰዎቹ መካከል የኤርሞ ትንሿ ልጅ በእናቷ ጀርባ ላይ ታዝላ ጣቷን እየጠባች ታያለች፤ አሱንታ ያየቻት ያን ጊዜ ነው።

«ተይ! አትማይ!» አለች። «እኔ ነኝ። ግራ እጄ አምልጦኝ ነው።»

አሱንታ ያን ስትናገር ሁሉም ነገር ያከተመ አልመሰላትም ነበር። ይህን ከሰማች በኋላ አበልጄን አያስችላትም፣ አሁን ተመልሳ ታቅፈኛለች፣ እውነቱን ትናገራለች ብላ ነበር። ባሲሊያ ብረቱን ሊነካ ጥቂት የቀረውን እጇን ሰበሰበች። ቀሚሷ ላይ ጠረገችው። ከዚያ ሄዳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።

ፍርዱ ብዙ አልፈጀም። አሱንታ ከዚያ ወዲያ ሳር እንዳትነካ፣ ድርሻዋም ከነጠፈጠፉ ለኤርሞ እንዲሆን ተባለ። ሰው ይህን እንደ ርኅራኄ ነበር የቆጠረው፤ «ክርስትና ያነሳችው ልጇ ነው፣ ከቤት አልወጣም» ተባለ። ኤርሞ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «እሺ ታይታ» አለ።

በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ ባሲሊያ በሻሽ የተሸፈነ ሳህን ይዛ አሱንታ ደጅ መጣች። የቹኞ ሾርባ ነው፣ በውርጭ የደረቀ ድንችና የደረቀ ሥጋ የገባበት። አሱንታ ድንች ትመርጥ ነበር፤ አልተነሳችም፣ ግን፣ «ተቀመጪ» አለቻት።

«አልቀመጥም። ይበርዳል፣ ብዪው።»

«አስቀምጪው።»

ባሲሊያ አስቀምጣ ቆመች። «ምን ላድርግ ነበር? እስቲ ንገሪኝ! ሐዘኔን ሳልጨርስ ሳር ነካሁ ብል የሁለታችንም ድርሻ ነበር የሚሄደው። ኤርሞ ልጆች አሉት። አንቺ…»

«እኔ ምን?»

«አንቺ ማን አለሽ? ለማን ታወርሺዋለሽ? አንቺ ከሞትሽ ያ ጥግ ዞሮ ዞሮ ለሌላ ሰው አይደለም እንዴ?»

አሱንታ እጇ ላይ ያለውን ድንች አገላበጠችው። «ሥሩ ያለችውን ረሳሻት» አለች።

ባሲሊያ አልረሳችም ነበር። ናቲቪዳድ የተቀበረች ቀን አሱንታን ከኋላዋ አቅፋ የያዘቻት እሷ ናት።

«በሩን ለመያዝ ሄደሽ ነበር፤» አለች አሱንታ። «ባላስቆምሽ ትይዢው ነበር?»

«አስቆምሽኝ እኮ።»

«እኔ የጠየቅኩሽ ሌላ ነው።»

ባሲሊያ ሻሿን ከሳህኑ ላይ አነሳች፣ አጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው። «ሳህኑን በኋላ ኤርሞ ይወስደዋል» ብላ ሄደች። አሱንታ ሾርባውን ለውሻው አልሰጠችም፤ በላችው። ጨው በዝቶበት ነበር። ባሲሊያ ሐሳብ ሲገባት ጨው ታበዛለች፤ ይህንም ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ሳህኑን አጥባ በሩ ላይ ደፋችው። ማንም ሳይወስደው ሰነበተ።

ጣሪያው በዘፈንና በቺቻ ተከደነ። ኤርሞ ምዕራብ ጥጉን በሚገባ ነው ያሰረው፤ ለእሱ እጅ ማንም ነቀፌታ የለውም። ሚራንዳ የመልአኩን ፊት ልትስለው አልፈለገችም፤ «ያላየሁትን ፊት አልሠራም» ብላ፣ ውሃው ያጠበውን በነጭ ኖራ አረጋግታ ተወችው። ከመሄዷ በፊት አሱንታ ቤት መጥታ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። «ያን ቀን ባልጠይቅ ይሻል ነበር» አለቻት። አሱንታ፣ «ምን አድርገሽ? ገመድ ለምን ላላ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው?» ብላ የተቀቀለ ድንች በአይብ አበላቻት።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ከአዲሱ ክዳን የሚወርደው ውሃ ኃይለኛ ነው፤ ሳሩ ገና ስላልተኛ ጠብታው ተሰብስቦ ነው የሚወድቀው። ሲያባራ ሁሉም አፈሩን ይዞ ጠፈጠፉን ሊደለድል ወጣ። የምዕራቡ ጥግ ግን ተቆፍሮ እንደጎደጎደ ቀረ። አሱንታ ድርሻዋን ካጣች ወዲህ አጥሩን አታልፍም፤ ከውጭ ሆና ታየው ነበር። አንድ ቀን ኤርሞን መንገድ ላይ ጠበቀችው።

«ኤርሞ ልጄ፣ ጠፈጠፉ ቆፍሮታል።»

«አይቻለሁ እማማ።»

«አፈር አለኝ። ከድንቹ ማሳ ነው፣ ለስላሳ ነው። አንተ ብቻ ወስደህ አፍስሰው።»

ኤርሞ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ አዞረው፤ ጸጉሩ ወደ ግራ ተኝቷል። «እናቴ ወደዚያ ጥግ እንድሄድ አትወድም» አለ። «ስሄድ ካየችኝ ቀኑን ሙሉ እህል አትቀምስም። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አልነገረችኝም።» ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «አንቺ ታውቂያለሽ እማማ?»

ባሲሊያን በዚያች ደቂቃ ባንድ ቃል ልትጥላት ትችል ነበር፤ ከገዛ ልጇ ዓይን ላይ። አሱንታ የልጁን ፊት አየች፤ ክርስትና ስታነሳው የታቀፈችውን ፊት።

«እናትህን ጠይቃት፤» አለችው። «እስክትነግርህ ጠይቃት።» አልፋው ሄደች።

እስካሁን አልነገረችውም። አሱንታና ባሲሊያ ገበያ ላይ ሲገናኙ እንደማያውቁት ሰው ይተላለፋሉ። ባሲሊያ ቀልድ ትታለች ይባላል። አሱንታ ሳር አትነካም፤ እጇ ግን ባዶ መሆን አይወድላትም፤ ስትቀመጥ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ቀኝ ትጠመዝዘዋለች።

እናንተ ከሩቅ የምትመጡ፣ ያን ቤተ ክርስቲያን ለማየት በበጋ የምትወጡ፣ በሩ አጠገብ ከአጥሩ ውጭ አንዲት አሮጊት በነጠላዋ ላይ አፈር ዘርግታ ተቀምጣ ታገኛላችሁ። የምትሸጥ ትመስላለች፤ አትሸጥም። ሥዕሉን አሳያለሁ የሚለው ሰው ፊት የሌለውን መልአክ ሲያሳያችሁ፣ አንዲት ግራኝ ሴት ያጠፋችው ነው ብሎ ያስቃችኋል። መሳቁንም አለመሳቁንም እናንተ ታውቃላችሁ፤ እሷ ስለዚያ ምንም አላለችም። የምትለምነው አንድ ነገር ነው፤ የሚገባውን ሰው ሁሉ በየቋንቋው የምትለምነው፣ እዚህም እንዲጻፍላት የፈለገችው። የአገሩ ሰው የሌላውን ጠፈጠፍ አይነካም፤ እንግዳ ግን አልተከለከለም። ስትገቡ ከነጠላዋ ላይ አንድ እፍኝ አፈር ውሰዱላት። ወደ ምዕራቡ ጥግ ዙሩ፤ ከክዳኑ ጫፍ በታች የጎደጎደች ትንሽ ቦታ አለች። ጓል ካለው በጣታችሁ ፈርፍሩት፣ ቀስ ብላችሁ አፍስሱት። ስሟ ናቲቪዳድ ነው፤ ስታፈስሱ ስሟን ጥሩላት።